ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሣጥን

«ስኳር ነበረበት! ስኳር ነበረበት፣ እኔ ደግሞ በማንኪያ ገደልኩት!»

የአዴ ሀጂራ ድምፅ አጥሩን ዘሎ ሱቄ ድረስ ሲመጣ ለአንዲት ደንበኛ ሩዝ እየመዘንኩ ነበር። አዴ ሀጂራ የሚጮሁ ሴት አይደሉም። ባለቤታቸው ጋሽ ከዲሮ የሞቱ ዕለት እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ «ፍራሹ ላይ ሁኑ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል» ሲሉ የዋሉ ናቸው። ሩዙን ሚዛኑ ላይ ትቼ ሮጥኩ። እውነቱን ለመናገር ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም እሮጥ ነበር፤ በአንድ አጥር ተጎራብቶ ያልሰሙ መምሰል እኔ አልችልበትም።

ሳሎኑ እንደ ወትሮው የተወለወለ ነው። ብፌው ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ ሶፋው ዳንቴሉን ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ የመካ ሥዕል ያለበት ምንጣፍ ተሰቅሏል። በሩ ላይ የመኪና መቀመጫ የሚሰፋው ኃይለየሱስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ የሰው መስኮት የሰበረ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ከዲሮ አይሱዙ ባለቤቷ ከሞቱ ወዲህ ግቢው ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከርማ፣ በቅርቡ ለአንድ የኢተያ እህል ነጋዴ ተሸጠች። ነጋዴው መቀመጫዋን እንዲያድስለት ለኃይለየሱስ ሰጠው። ኃይለየሱስ የሾፌሩን ወንበር ሆድ ሲቀድ ስፖንጁ መሐል ተወሽቆ ይህን ዕቃ አገኘ። የሟች ዕቃ እኔ ጋ አያድርም ብሎ በማለዳ ይዞት መጣ፤ እስከዚህ ድረስ ደግ ሠራ። ከዚያ ግን ሳይጠየቅ፣ «የስኳር በሽተኛ መርፌ መያዣ ይመስለኛል፤ አክስቴም እንዲህ ያለ አላት» አለ። ጩኸቱ የመጣው በዚህ ነው።

ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ርዝመቱ ከመነጽር ቤት ትንሽ ይበልጣል፣ ኪስ ይገባል። ውጩ የመኪና ወንበር ቆዳ ነው፤ ዙሪያውን በሸራ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጥርስ ይመስል እኩል እኩል ነው። ከአሮጌ የሴት ቦርሳ የተነቀለ የናስ መቆለፊያ አለው። ስከፍተው «ጠቅ» አለ፤ የሕፃን እንቅልፍ የማይረብሽ ጠቅታ። ውስጡ በቀይ ሐር ተለብጦ ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። በአንዱ ከነጭ ቀንድ የተሠራ፣ ጫፉ በናስ የተለበጠ ቀጭን ቱቦ ተኝቷል። በሌላው ጫፉ ላይ የፈረስ ጭራ የተጠመጠመበት የብስክሌት ጎማ ሽቦ አለ። በሦስተኛው ደግሞ፣ መርፌ የተወጋ ሁሉ የሚያውቃት፣ አፏ ላይ ጎማ ያለባት ብልቃጥ ቆማለች፤ ውስጧ ቡናማ ውኃ አለ። ጥግ ላይ ክዳኗ ግጥም የሚል የቅባት ቆርቆሮና በሥርዓት የታጠፈ ጨርቅ አሉ። እኔም መርፌ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄን ሳልታጠብ መንካቴ ቆጨኝ።

«ሦስት ማንኪያ ነበር የምጨምርለት» አሉ አዴ ሀጂራ። «አራተኛውን ሲለምነኝ ስቄ እጨምርለት ነበር።»

ልጃቸው ነቢላ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሣጥኑን ታያለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ደግሞ ዝምታዋን በሌላ ተረጎምኩት፤ ምክንያቱም ያን ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ለእሷ ነው የሚመጡት። ሊበን የሚባል፣ ሮቤ ላይ ከብት የሚያክም፣ ረጋ ያለ ልጅ ይፈልጋታል፤ እሷም ትፈልገዋለች። ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። እዚህ ቤት እንደ ደንቡ ሽማግሌ ሻይ ይቀርብለታል እንጂ መልሱን ሳይሰማ አይነካውም፤ «ጠጡ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። አዴ ሀጂራ ግን ልጁ ሲጋራ እንደሚያጨስ ሰምተው ኖሮ፣ «የነቢላ አባት ለእኔ ሲል በአንድ ቀን ጣለ። ይሄም ይጣል፣ ያን ጊዜ ይምጣ» ብለው መለሷቸው። ነቢላ የቀዘቀዘውን ሻይ አንድ በአንድ ጓሮ ስትደፋ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ጨው ከመቀባበል ያለፈ አይነጋገሩም። ልጁ ሞክሮ አቅቶታል፤ እተዋለሁ ብሎ ዋሽቶ መግባትም አልፈለገም። የሽማግሌዎቹ መሪ ሙህዲን ደግሞ ዛሬም እንቢ ካሉን ለሦስተኛ ጊዜ አንመለስም ብሏል። ስለዚህ ያቺ ልጅ ፊቷ ወረቀት ቢመስል ምን ይገርማል?

የጋሽ ከዲሮን ሲጋራ የመጣል ነገር በሰፈራችን ያልሰማ የለም። አዴ ሀጂራ ሠርግም ላይ፣ ለቅሶም ላይ፣ ወረፋም ላይ አውርተውታል። እኔ ራሴ ባሌን እንደሻውን ስቀጠቅጥበት የኖርኩ ነኝ። «ከጋሽ ከዲሮ አትማርም?» ስለው ፈገግ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ለማጨስ።

«ፋርማሲ እንውሰደው አዴ» አልኳቸው። «ምን መድኃኒት እንደሆነ ይነግሩናል።» ሣጥኑን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጣን። ባጃጁ ለሁለት ሰው ሃምሳ ብር ጠየቀን፤ ሌላ ቀን ቢሆን አዴ ሀጂራ ወርደው ይሄዱ ነበር። ያን ዕለት ግን ዝም ብለው ጭላሎን እያዩ ሄዱ። ተራራው ጉም ለብሶ ነበር፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ፋርማሲዋ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጅ ሣጥኑን ከፍታ ብልቃጧን ወደ መብራቱ አነሳች፣ ጎማውን ነቅላ አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች። «እማማ፣ ይሄ የስኳር መድኃኒት አይደለም። ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ የተዘፈዘፈበት ውኃ።» ቱቦውን አገላበጠችው። «መርፌም አይደለም፤ የሚወጋ ነገር የለውም። ምን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።» ከኋላችን የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የቆመ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ኖሮ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ እስኪጨርስ ጠበቅነው።

«ሲጋራ የሚሰካበት ማጨሻ ነው» አለ። «ዱሮ ትልልቅ ሰዎች ይይዙት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ግን አይቼ አላውቅም። ያችኛዋ ሽቦ መጥረጊያው ናት።»

«ባለቤቴ አያጨስም» አሉ አዴ ሀጂራ።

«እኔም አላጨስም» አለና የሽሮፑን ከፍሎ እያሳለ ወጣ።

ደረጃው ላይ ቆምን። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነው፤ አልገደሉትማ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ሣጥኑን እንደ ሰው ክንድ ጥብቅ አድርገው ያዙት። «ሙህዲን ጋ» አሉኝ። ሙህዲን በወጣትነቱ የጋሽ ከዲሮ ረዳት ነበር፤ ዛሬ ወደ አውቶብስ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ጎሚስታ አለው። በእግር ሄድን። የጋሪ ፈረሶች ጭቃ እየረጩብን ያልፋሉ፤ እሳቸው ፈረሱንም ጭቃውንም አላዩም። እኔ ከኋላ ከኋላ ስከተል በሆዴ እንደሻውን እያሰብኩ ነበር። ያ ፈገግታው!

ሙህዲን ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል አዴ ሀጂራን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገ። ሊክድ አልሞከረም። በርጩማ አቀረበላቸው፣ አልተቀመጡም።

«ዋሽቶኛል?» አሉት።

«አልዋሸም አዴ። ኒካህ ሊታሰር ሲል አባትዎ ሀጂ ምን እንዳሉ ይረሱታል? ልጄ የምትኖርበት ቤት የትምባሆ ሽታ እንዲገባ አልፈልግም አሉ። እሱም የቤቷን ደፍ አይሻገርም ብሎ ቃል ሰጠ። ዱዓ ተደረገ። እኔ ያን ጊዜ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጣለው ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ነገረን። ሮቤ ላይ የስንዴ ጭነት ሲጠብቁ ሌላው ሾፌር ካርታ ሲጫወት ጋሽ ከዲሮ ያንን ቆዳ ይሰፉ ነበር። ማጨሻውን ያሠሩት ጣታቸው ቢጫ እንዳይሆን ነው፤ ከሚስታቸው ጋር በአንድ ትሪ ይበላሉና። ሲያጨሱ በብርዱም በዝናቡም መስኮቱን ከፍተው፣ ክንዳቸውን እስከ ትከሻ አውጥተው ነበር። ረዳቱ ሙህዲን ከጎናቸው እንደ በግ እየተንቀጠቀጠ። ጃኬቱን ከማጨሳቸው በፊት አውልቀው ላስቲክ ውስጥ ይከቱታል። አሰላ ሊገቡ ሲሉ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ መኪናዋን ያቆማሉ። መጀመሪያ ቱቦውን ነቅለው በሽቦውና በፈረስ ጭራው ይፈትጉታል፤ ቀጥሎ በቅርንፉዱ ውኃ ያጥቡታል፤ በጨርቁ ያደርቁታል፤ በቆርቆሮው የያዙትን አመድ ከመንገድ ራቅ ብለው ይቀብሩታል። ከዚያ እጃቸውን እስከ ክርን፣ ፊታቸውን፣ ጢማቸውን ይታጠባሉ፤ ቅርንፉድ ያኝካሉ። ነፋሱ ውስጥ ትንሽ ይቆማሉ። «አሽትተኝ» ይሉታል ሙህዲንን። እሱ አሽትቶ «ይግቡ» ሲል ብቻ ነው መኪናዋ የምትነሳው። ሣጥኑ ከወንበሩ ሆድ ወጥቶ ቤት ገብቶ አያውቅም።

«ቅርንፉዱን ለጥርሱ ነው ይለኝ ነበር» አሉ አዴ ሀጂራ። ድምፃቸው ሩቅ ነበር። «ሠላሳ ምናምን ዓመት እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

«ነቢላ የተወለደች ዕለት» አለ ሙህዲን፣ «ኢተያ ላይ ምጥ እንደያዘዎት ሰማን። እንደ እብድ ነድቶ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርስ አቆመ። ጋሼ፣ ልጅዎ እየተወለደ ነው ብዬ ጮህኩበት። ሽታውን ሕፃን ላይ ይዤ አልገባም አለ። ቱቦውን ጠረገው። አልቸኮለም።»

«ዘግይቶ መጣ» አሉ አዴ ሀጂራ። «ለምን ዘገየህ ብዬ ስንት ጊዜ ወቀስኩት። መንገዱ ነው ይለኝ ነበር።»

«መንገዱ ነበራ።»

አንድ ሰው ለአንዲት ሴት አፍንጫ ብሎ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ሁሉ ውርጭ! ከመተው እንዲህ አድርጎ መቀጠሉ አይከብድም ወይ? ይቀላል የሚል ካለ ይምጣና ያንን ስፌት ይይ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ጎማና ግሪስ መሐል ተሰማኝ። አዴ ሀጂራ የታጠፈውን ጨርቅ ከሣጥኑ ጥግ አውጥተው ዘረጉት። ሐር ነው፤ ቀይ፣ ዳሩ ላይ ቢጫ አበባ ያለበት።

ያንን ሻሽ ለብሼው ባላውቅም እያንዳንዱን አበባ አውቀዋለሁ። የአዴ ሀጂራ የሠርግ ሻሽ ነው፤ እኔ ከቡታጅራ መጥቼ እዚህ ሰፈር በገባሁበት ዓመት ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጠፋ። ወሰድሽ ብለውኝ አያውቁም፤ ጨዋ ናቸው። ግን ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ወጣ ይላሉ፣ የእኔን ገመድ ከዳር እስከ ዳር ያዩታል፣ «ፀሐዩ ጥሩ ነው» ብለው ይገባሉ። ዘንድሮም ብለዋል። አሁን ሻሹ፣ ገሚሱ የሣጥኑ ገበር ሆኖ፣ ገሚሱ መጥረጊያ ሆኖ፣ እጃቸው ላይ ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

ውጭ ካፊያ ጀምሯል።

«ፀሐዩ ጥሩ ነው አዴ» አልኳቸው።

አልሳቁም። የዓይናቸው ጥግ ግን ትንሽ ረጠበ፤ በእኔ ይሁን በጋሽ ከዲሮ አላውቅም። ሙህዲን የሻሹን ታሪክ ስላላወቀ፣ «ሌላ ጨርቅ ቀንዱን ይጭረዋል ይል ነበር» ብሎ ገለጸልን። ልንሄድ ስንል አዴ ሀጂራ ዞር አሉ። «ለምን አልነገረኝም?» አሉት። እሱም ጎማውን እያየ፣ «አልጠየቁትም» አለ።

ቤት ስንደርስ ነቢላ ብርጭቆዎቹን ከብፌው አውጥታ እያጠበች ነበር፤ እነዚያን ማንም የማይጠጣባቸውን። እናቷ ሣጥኑን ይዘው እፊቷ ቆሙ። ደፉን እንደተሻገሩ አፍንጫቸው አጠገብ ከፍተው አሽትተውት ነበር፤ አየኋቸው። ምንም የለውም። ቅርንፉድ ብቻ። ልጅቷ ሣጥኑን ስታይ ያየችበት ዓይን አዲስ ነገር የሚያይ ሰው ዓይን አልነበረም። ጠዋትም አልነበረም ለካ። ይህን እኔም፣ እናቷም፣ እኩል ነው የተረዳነው።

«አንቺ ታውቂው ነበር» አሉ አዴ ሀጂራ።

ነቢላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ልጅ ሳለች ትምህርት ሲዘጋ ከአባቷ ጋር ሮቤ ትሄድ ነበር። ባሕር ዛፎቹ ጋ «አሽትቺኝ» ይሏት እንደነበር፣ አሽትታ «ግባ አባዬ» ስትል ፀጉሯን ይስሟት እንደነበር በዝግታ ተናገረች።

«ታዲያ ያን ዕለት ሽማግሌዎቹን ስመልስ? አባትሽ ጥሎታል ብዬ ስመልሳቸው? እዚህ ቆመሽ ነበር እኮ። አንድ ቃል ብትናገሪ…»

«አባቴ ነዋ» አለች ነቢላ።

ይህቺ ልጅ የምትወደው ሰው ደጁ ላይ ተመልሶ ሲሄድ፣ ሻዩን ጓሮ ስትደፋ፣ በአንድ ቃል ማስቆም ስትችል፣ የሞተ አባቷን ምስጢር ከራሷ ትዳር አስበልጣ ዋጠችው! እንደ ሰፈሩ ሐሜተኛ ልናገር፣ እኔ ብሆን ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ነበር የምናገረው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አዴ ሀጂራ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ሻሽ አስተካከሉላት፤ የተበላሸ ነገር አልነበረውም። «ሻዩ ውስጥ ቅርንፉድ ጨምሪበት» አሉና ሶላታቸውን ሊሰግዱ ገቡ።

ሽማግሌዎቹ አራት ሆነው መጡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ዱዓ ተደረገ። ሻዩ ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። እኔ «ዳቦ ላምጣ» በሚል ሰበብ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ከማዕድ ቤቱ መጋረጃ ሥር የነቢላ እግሮች ይታያሉ፤ አንዱ ሌላውን ይረግጣል። ሙህዲን ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ቀን ጎሚስታው ጋ እንዳልተገናኘን ሁሉ ፊቱ እንደ ዳኛ ነበር። «አዴ ሀጂራ፣ አዲስ ነገር ይዘን አልመጣንም። ልጁ ያው ነው። እየታገለ ነው፤ ግን ጥያለሁ ብዬ በውሸት ደጅዎን አልረግጥም ብሏል። እኛም ይህንኑ እውነት ይዘን መጥተናል። እንግዲህ የእርስዎ ቃል ነው።»

አዴ ሀጂራ ሣጥኑን ከጉያቸው አውጥተው ከብርጭቆዎቹ መሐል አስቀመጡት። ጠቅ። ቀዩ ሐር፣ ነጩ ቀንድ፣ የፈረስ ጭራው በመብራቱ ታየ። «የነቢላ አባት ዕቃ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ትልቁ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠግቶ አየ፣ ማጨሻውን አወቀው። በአንድ ቀን ጣለ የሚለውን ታሪክም አስታወሰ መሰለኝ፤ ወደ አዴ ሀጂራ ቀና አለ። ከዚያ አፍንጫውን አስጠጋ። «ቅርንፉድ ነው የሚለው» አለ በመገረም።

«አዎ» አሉ አዴ ሀጂራ። «ቤቴ ይሄን ብቻ ነው የሸተተው።»

ክዳኑን ዘጉት። እጃቸው ክዳኑ ላይ ቆየ። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል፤ ከመጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች ቆመዋል።

«ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉ አዴ ሀጂራ። «ጠጡ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም ምንድነው አላለም። ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ብርጭቆዎቹን አነሱ። ብፌው ውስጥ ስንት ዘመን የተቀመጡት ብርጭቆዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈር ሲነካቸው አየሁ። ሙህዲን ግን የራሱን ከአፉ ሳያደርስ በመሐል ያዘው።

«የሲጋራውስ ነገር አዴ?» አለ። «ሊበንን ጣል ነው የምንለው፣ ወይስ እንደ ጋሼ…?»

አዴ ሀጂራ ሣጥኑን አዩ፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ከእንግዲህ የሚቆረጥ ሻሽ እንደሌለኝ ንገሩት» አሉ።